ከአሕመድ ዳጋህ እስከ ላስ ጌል፦ አንድ ቀን ከቤተሰብ ጋር በሐርጌሳ

የሠራዊቱ አባል የዓመት ፈቃዱን ከሁለት በአንዱ መንገድ ያሳልፋል፤ አንድም ወደ ትውልድ አገሩ ዘልቆ ዘመድ ሲጠይቅ፣ አንድም እዚያው ሰፈሩ ውስጥ የቤቱን ጣሪያ ሲጠግን። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ተመድቦ የሚያገለግል ወገን፣ ከደጁ ብዙም ሳይርቅ፣ ልጆቹን ይዞ ሄዶ ቢያየው የማይቆጭበት ከተማ እንዳለ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ይኸውም ሐርጌሳ ነው። እነሆ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን፣ ውድ አንባብያን፣ እኛ ቤተሰብ ሆነን በዚያች ከተማ ያሳለፍነውን አንድ ቅዳሜ እንተርክላችኋለን። ቅዳሜን የመረጥንበት ምክንያት አለን፤ በሐርጌሳ የዕረፍት ቀን ዓርብ ሲሆን፣ ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ክፍት ነው።

መንገዱ አያደክምም። ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ጫሌ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከድንበሩ እስከ ሐርጌሳ ደግሞ ወደ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው። ቶጎ ጫሌ አንድ ሆና ሳለች ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ወዲያ ማዶ እንደ ተሻገርን ልጃችን ወዲያው ያስተዋለው ነገር የመኪኖቹ መሪ በስተቀኝ መሆኑን ነበር። የሚነዳው እንደ እኛው በመንገዱ በስተቀኝ በኩል ሲሆን፣ አብዛኞቹ መኪኖች ግን መሪያቸው በቀኝ የሆነ፣ ከውጭ ተገዝተው የመጡ ያገለገሉ መኪኖች ናቸው። ስለዚህም ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም የሚሻ ሾፌር፣ በግራው የተቀመጠውን ተሳፋሪ «መንገዱ ባዶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባወራው ያን ኀላፊነት ተቀብሎ እስከ ሐርጌሳ በላብ ተጠምቆ እንደ ገባ መሸሸግ አይቻልም።

ያረፍነው አሕመድ ዳጋህ በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ በእማወራዋ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። ጋሼ ግንበኛ ናቸው። ሐርጌሳ ሳታቋርጥ የምትገነባ ከተማ እንደ መሆኗ መጠን፣ በግንብ፣ በልስንና በቀለም ሥራ ተሠማርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየሰፈሩ አሉ። የቤታቸው አከራይ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ወይዘሮ ናቸው፤ ሁላችንም እንደ አገሩ ልማድ «ኤዶ» እያልን ጠራናቸው፤ አክስት ማለት ነው። ኤዶ በሩ ላይ ቆመው ሲቀበሉን በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ፣ ውሃ፣ ዳቦ» አሉ። ሦስቱን ቃላት የት እንደ ተማሯቸው የነገሩን በማታው ነው፤ እኛም ነገሩን ወደ ቦታው እናቆየዋለን።

ከማለዳው ቁርስ ላሖህ ቀረበልን። ላሖህ የእንጀራ ታናሽ እኅት ናት ብንል አናጋንንም፤ ዓይኗ ያው ነው፣ ስፋቷ ግን ከሳሕን አያልፍም። ጠዋት ከስኳርና ከሰሊጥ ዘይት ጋር፣ ወይም ከጉበት ጥብስ ጋር ትበላለች። ሻዩ በወተት፣ በሄልና በቀረፋ የፈላ ነው። እማወራዋ ከምጣዱ አጠገብ ቆማ የሊጡን ነገር ስትመረምር ጉዞው ግማሽ ሰዓት ዘገየ።

ወደ ላስ ጌል ለመሄድ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለውጭ አገር ጎብኚ ደግሞ ከከተማ ሲወጣ ጠብመንጃ የያዘ አጃቢ ይመደብለታል። ጋሼ ወረቀቱን አስቀድመው ጨርሰው ነበር። አጃቢያችን ወጣት፣ ዝምተኛና ጨዋ ሰው ነበር፤ ልጃችንም ከአባቱ ይልቅ የእርሱን ትጥቅ ሲመረምር ዋለ። መንገዱ ወደ በርበራ ወደብ የሚወስደው አስፋልት ነው። ሐምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል፤ ከዚያም ከሜዳው መካከል ብቻውን ብቅ ያለ የጥቁር ድንጋይ ኮረብታ ይታያል።

ላስ ጌል ማለት የግመሎች የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። ሁለት ደረቅ ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የሚገኝ በመሆኑ፣ አርብቶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ ግመሎቹን የሚያጠጣበት ቦታ ነበር። ከኮረብታው ላይ ጣራ የመሰሉ ድንጋዮች ተንጠልጥለዋል፤ በእነርሱም ሥር፣ በግድግዳውና በጣራው ላይ፣ በቀይ፣ በነጭ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም የተሣሉ ላሞች ይታያሉ። አንድ ሁለት አይደሉም፤ እጅግ ብዙ ናቸው። አንገታቸው እንደ ጌጥ ጨርቅ በቀለም ሸንተረሮች የተዋበ፣ ቀንዳቸው ረዥምና የተቆለመመ፣ ጡታቸው የሞላ ላሞች ናቸው። በአጠገባቸው እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ሰዎችና ውሾቻቸው ቆመዋል። ሥዕሎቹ ወደ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ድንጋዩ ከዝናብና ከፀሐይ ስለ ከለላቸው፣ ቀለማቸው ትናንት የተቀባ ይመስላል።

አርብቶ አደሮቹ ቦታውን ቢያውቁትም፣ ዓለም የሰማው በ1995 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ነው። በዛቪየ ጉተርዝ የሚመራ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ወደ አካባቢው የመጣው ሥዕል ፍለጋ አልነበረም። በአፍሪካ ቀንድ ከብት ማርባት መቼና እንዴት እንደ ተጀመረ ለማጥናት የቆፈራ ስፍራ ሲፈልግ ሳለ ነው፣ ጥያቄው ራሱ በቀለም ተሥሎ ከፊቱ የቆመለት። እኛ እንደዚህ ያለውን አጋጣሚ ዕድል ብቻ ብለን አናልፈውም፤ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ያልፈለገውንም ሲያገኝ ያውቀዋልና።

የስድስት ዓመቱ ልጃችን አንጋጦ ቆይቶ «ሻኛቸው የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ። አስጎብኚው ሳቀ፤ ጥያቄው የተማረ ሰው ጥያቄ ነው አለ። በእርግጥም በዛሬው ዘመን በአገራችንም ሆነ በዚያ የሚረቡት ከብቶች ሻኛ ያላቸው ሲሆኑ፣ የላስ ጌል ላሞች ሻኛ የላቸውም። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ በግመሎች ጉድጓድ አንድም ግመል አልተሣለም። ሠዓሊዎቹ በኖሩበት ዘመን አገሩ ከዛሬው ይልቅ ለምለም፣ ሀብቱም ላም እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው ለገ ኦዳም የዚህ ዓይነት የከብት ሥዕሎች ስላሉ፣ በሐረርጌ ያሉ አንባብያን ድንበር ሳይሻገሩ የዝምድናውን ነገር ማየት ይችላሉ። እማወራዋ ደግሞ ዓይኗን ያሳረፈችው በጡቶቹ ላይ ነበር። «ይህን የሣለው ሰው አልቦ ያውቃል» አለች። እኛ ስለ ሥዕሎቹ ከሰማነው ማብራሪያ ሁሉ ይህን ወደድነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ከተማ ተመለስን። የሩዝና የግመል ሥጋ ምሳውን በአጭሩ እናልፋለን፤ ታናሺቱ ልጃችን ሙዙን ከሩዙ ጋር አደባልቃ እንድትበላ አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች እንዳስተማሯት ብቻ ይነገር። በአገሩ ልማድ ሙዝ ከምግቡ ጋር እንጂ ከምግቡ በኋላ አይበላም።

በከተማዋ መሐል ኼይሪያ በሚባለው አደባባይ በከፍተኛ መሠረት ላይ አንድ ሚግ ተዋጊ አውሮፕላን ቆሟል። አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሊነሣ ያለ ይመስላል። ከመሠረቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የሰላማዊ ሕዝብ መከራ በቀለም ተሥሏል። የጦር መሣሪያ ሐውልት በየአገሩ አይተናል፤ ከጠላት የተማረከ ታንክ በዐደባባይ ማቆም የቆየ የወታደር ልማድ ነው። ልጃችንም ይህንኑ አስቦ «ይህን አውሮፕላን ከማን ማረኩት?» አለ።

አባወራው መልሱን ለመስጠት ጊዜ ወሰደበት። አውሮፕላኑ የባዕድ አልነበረም፤ የራሳቸው አገር አየር ኀይል ንብረት ነበር።

ነገሩን ለአንባብያን በቅደም ተከተሉ ብናስረዳ ይሻላል። ሐርጌሳ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በበርበራ ምትክ፣ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ነበረች። አገሩ ሰኔ 19 ቀን 1952 ዓ.ም. ነፃነቱን አግኝቶ በአምስተኛው ቀን ከደቡቡ ጋር ተዋሐደ። በ1973 ዓ.ም. የዚያድ ባሬን መንግሥት በመቃወም የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ተመሠረተ፤ ጦሩንም በኢትዮጵያ ምድር አደራጀ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፍአበት ከደረሰው ሽንፈት በኋላ፣ የጊዜው የኢትዮጵያ መንግሥት ጦሩን ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ለማዛወር ስለ ፈለገ፣ በዚያው ወር ከዚያድ ባሬ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመ። ሁለቱም ወገኖች አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ሊያቆም ተስማሙ። የንቅናቄው ጦር መጠጊያውን እንደሚያጣ በማወቁ ያለውን ኀይል ሁሉ ይዞ ድንበር ተሻገረ፤ ግንቦት 19 ቀን ቡርኦን፣ ግንቦት 23 ቀን ሐርጌሳን አጠቃ። የመንግሥቱም መልስ ከተማይቱን ከነሕዝቧ በከባድ መሣሪያና በአውሮፕላን መደብደብ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ይመቱ ነበር። አብራሪው ቦምቡን ጥሎ ለማረፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃው ነበር ማለት ነው። ከከተማዋ አብዛኛው ክፍል ፈረሰ፤ በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩት በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? እማወራዋ «ሲያድግ ይደርስበታል» አለች። አባወራው ግን የወታደር ልጅ ከአደባባዩ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም የሚል ሐሳብ ነበረው፤ በዚህም ጥቂት ተከራከርን። በመጨረሻ የነገርነው ስለ አንድ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ክረምት አሕመድ ሞሐመድ ሐሰን የሚባል የአየር ኀይሉ አብራሪ ሐርጌሳን እንዲደበድብ ታዘዘ፤ እርሱ ግን ቦምቡን በሰላማዊ ሕዝብ ላይ አልጥልም ብሎ አውሮፕላኑን ወደ ጅቡቲ አብርሮ ሄደ።

ልጁ አሰበና «አለቃውን እምቢ አለው?» ሲል ጠየቀ። በቤታችን «እሺ» ማለት የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ሆነ፣ ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አባወራው በጦር አካዳሚ ትእዛዝ የሠራዊት አከርካሪ ነው ተብሎ ተምሯል፤ ዛሬም ያምንበታል። ነገር ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጥቁር ሰሌዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በአገር ውስጥ ጦርነትም ቢሆን በውጊያ ያልተሳተፈን ሰው መግደል እንደሚከለክል ተምሯል። በአካዳሚው ወረቀት ላይ ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ገጽ ላይ ተቀምጠው ይኖራሉ፤ ያ አብራሪ ግን አየር ላይ ሳለ፣ ነዳጁ እየተቀነሰ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ለይቶ መወሰን ነበረበት። ለልጁም «አዎን፣ እምቢ አለው፤ ከታች ልጆች ነበሩና» አልነው። «እንደ እኔ ያሉ?» አለ። «እንደ አንተ ያሉ።» ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላነሣም፤ አውሮፕላኑን ግን ዞሮ ዞሮ ከክንፉ ሥር ቆመ።

ከአደባባዩ ጥቂት እንደ ተራመድን የገንዘብ መንዛሪዎቹን ሰፈር አገኘን። የሶማሌላንድ ሽልንግ በጡብ መልክ ተጠቅሎ በመንገድ ዳር እንደ ግንብ ተደርድሯል፤ በቅርብ ዓመታት አንድ ዶላር ወደ ዐሥር ሺህ ሽልንግ ሲመነዘር ስለ ቆየ፣ ጥቂት ዶላር የመነዘረ ሰው ጥቅሉን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ጠባቂ ዘብ የለም። ነጋዴው ለሶላት ሲነሣ ገንዘቡን እዚያው ትቶት ይሄዳል። አሁን አሁን ግን ሕዝቡ ከሻይ ጀምሮ ሁሉን ነገር ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመረው ዛድ በሚባለው የስልክ ክፍያ ስለሚከፍል፣ ያ የገንዘብ ግንብ ከዓመት ዓመት ለዓይን ትርኢት እየሆነ መጥቷል።

ለእማወራዎች በተለይ የምንመክረው የሐርጌሳን የባህል ማዕከል ነው። የወተት ዕቃው ክፍል ብቻ አንድ ሰዓት ያስቆማል። ሃን የሚባለው የወተት ማስቀመጫ በሴቶች እጅ ከእንጨት ሥር በተገኘ ጭረት ተሠፍቶ ወተት እስከማያፈስ ድረስ ይጠብቃል፤ ውስጡም የእኛ እናቶች ቅሉን በወይራ እንደሚያጥኑት በጢስ ይታጠናል። አቃል የሚባለውን የአርብቶ አደር ቤት የምትሠራውም፣ ስታፈርሰው በግመል ላይ የምትጭነውም ሴቲቱ ናት። ባሏ ከአውራጃ ወደ አውራጃ በተዛወረ ቁጥር ዕቃ ስትጠቀልልና ስትፈታ የኖረች የወታደር ሚስት ከዚያ ክፍል ስትወጣ ዘመዷን ያገኘች ያህል ይሰማታል።

በዚያው ማዕከል ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ካሴቶች ተሰብስበዋል። የሐርጌሳ ሬዲዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ የሶማሌ ዘፈንና ግጥም መዲና ነበር። በ1980 ዓ.ም. ድብደባው ሲጀመር ቅጂዎቹ ለቦምቡ ተትተው አልቀሩም፤ ከፊሉ ከመሬት በታች ተቀበረ፣ ከፊሉም ከስደተኛው ጋር ጅቡቲና ኢትዮጵያ ገባ። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ምን ይዞ እንደሚወጣ ብዙ ተብሏል፤ እኛ ግን የዘፈን ክር የያዘ ሳጥን ተሸክሞ በረሃ ያቋረጠ ሰው እንደ ነበረ እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር።

ማምሻውን አሕመድ ዳጋህ ስንመለስ ኤዶ በግቢው ምንጣፍ ዘርግተው የግመል ወተት ይዘው ጠበቁን። ልጃችን ስለ አውሮፕላኑ ሲነግራቸው ጋሼ አስተረጐሙላቸው። ያን ጊዜ የሦስቱ ቃላት ነገር ተገለጠ። ኤዶ በዚያ ዓመት አንድ ልጅ በጀርባቸው አዝለው፣ አንዱን በእጃቸው ይዘው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ሐርቲሼክ ገብተዋል። ሐርቲሼክ ከጅጅጋ በስተምሥራቅ፣ በሶማሌ ክልላችን ውስጥ የሚገኝ ስፍራ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሰፈረበት፣ በዓለም ካሉት የስደተኛ ጣቢያዎች እጅግ ትልቅ ከሆኑት አንዱ ነበር። የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በድንበሩ ላይ ያገኟቸው ወታደሮች አማርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። «ውሃ» ሲሏቸው ውሃ ሰጧቸው፤ «ዳቦ» ሲሏቸው ከስንቃቸው ቆረሱላቸው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ «እንደምን አደራችሁ» ይሏቸው ነበር። ኤዶ ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም፤ ጋሼ ግን ሲያስተረጉሙ ሁለት ጊዜ አቋረጡ።

እነዚያ ወታደሮች እነማን እንደ ነበሩ የሚያውቅ የለም። ምናልባት ከአንባብያኖቻችን መካከል በዚያ ወራት በዚያ ግንባር የነበሩ አባቶች ይኖሩ ይሆናል፤ ካሉ፣ ኤዶ አልረሷችሁም። ጋሼ ሐርጌሳ የመጡት ሥራ ፍለጋ ነው፤ መጀመሪያ ሲመጡ ኪራይ ያልጠየቋቸው፣ ሥራ እስኪያገኙ ሦስት ወር የታገሷቸው እኚህ ሴት ናቸው። ምክንያቱን ጠይቀዋቸው እንደ ሆነ ብንላቸው «አልጠየቅኋትም፣ ዛሬ ነው የሰማሁት» አሉን።

ለመሄድ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ጥቂት ነገር እንጠቁም። የጉዞ ሰነድ ሳይጨርሱና ከክፍላችሁ ፈቃድ ሳትቀበሉ መነሣት የለም። እማወራዎች ፀጉርን በደንብ የሚሸፍን ሻሽና ረዥም ቀሚስ ይያዙ፤ ነጠላ ብቻውን በነፋስ ይወርዳል። የመጠጥ ነገር በዚያ አገር ክልክል ነው። ኬላና ወታደር ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ሰውንም ቢሆን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው። ለላስ ጌል ከማለዳው ይነሡ፤ ከረፋዱ በኋላ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ይግላል። ውሃ ከከተማ መያዝ ያስፈልጋል። ለስጦታ የሚሆን ነገር ቢቸግራችሁ፣ በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ። እማወራዋ ለኤዶ አንድ ኪሎ አስቀምጣላቸው ነበር፤ ኤዶም በማግስቱ ስንነሣ፣ ወተት የታጠነበት ትንሽ ሃን በፌስታል ጠቅልለው በመኪናው መስኮት አቀበሉን። እስከ ጅጅጋ ድረስ መኪናው በሙሉ ጢስ ጢስ ይል ነበር።